ኢንሹራንስ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ፖሊሱ የመኪናችን የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት የሚያነበው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። እኔም የማነበው እንደዚያ ስለሆነ ወደድኩት። ከሦስተኛ ክፍል ትምህርት ያቆመ ሰው ዓይኑ ብቻውን አያነብለትም፤ ከንፈሩ ማገዝ አለበት። እያየሁት ሳለ ታዲያ ከንፈሩ ቆመ። ከንፈር የሚቆመው ወይ ንባቡ ሲያልቅ ነው፣ ወይ ደግሞ የማይሆን ነገር ሲገጥመው። ወረቀቷ ገና አላለቀችም ነበር።

ዞር ብዬ ባለቤቴን አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ወደ ፊት ይመለከታል። ፊት ለፊታችን ከቆመ የጭነት መኪና ጭራ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ይህ ሰው የማይታየውን ትኩር ብሎ የሚያየው አንድ ነገር ሲደብቀኝ ነው። አደጋው ያኔ ገባኝ፤ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ከአራተኛ ፎቅ ወደቀ።

ፖሊሱ እሱን ትቶ ወደ እኔ መስኮት ዞረና፣ «ማማ፣ ይቺ ኢንሹራንስ እኮ አልቃለች» አለኝ።

አራተኛ ፎቅ ያልኩት የምንኖረው እዚያ ስለሆነ ነው። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ። እኔ በርበሬና ሽሮ አዘጋጃለሁ፤ ኢስትሊ ሰፈር አስፈጭቼ በባልዲ በባልዲ አድርጌ ሁርሊንግሃም ላሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። አደርሳለሁ ስል ጋሼ ያደርሰኛል ማለቴ ነው። ጋሼ የምለው ባለቤቴን ነው። ስሙ ተፈራ ነው፤ በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ስንጋባ በስሙ ልጠራው አፈርኩ። እፍረቱ እያደር ለቀቀኝ፣ «ጋሼ» ግን አፌ ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ለእርዳታ ድርጅት ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜው ስድሳ ስድስት ነው፤ ወረቀቱ ግን ስድሳ ዘጠኝ ይላል፣ ምክንያቱም ድሮ ሲመዘገብ ለክብር ብሎ ሦስት ጨምሮበታል። የዚህን ክብር ነገር በኋላ ታዩታላችሁ።

መከራችን የጀመረው ባለፈው ዓመት በአንድ ክርስትና ነው። እትዬ ጸዳለ፣ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያላቸው ትልቋ ደንበኛዬ፣ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሡና ጠሩን። ጋሼ ጠጪ አይደለም። ይህን ስል ልጄ ሩት ትስቅብኛለች፤ እውነቴን ነው ግን፣ እቤታችን ጠርሙስ አይገባም። የሱ ችግር ሰው ሲሞት ማየት አለመቻሉ ነው። በእኛ ወግ የቤቷ እመቤት ብርጭቆ ይዛ መጥታ «በሞቴ» ካለችህና ካልጠጣህላት፣ ገደልካት ማለት ነው። እትዬ ጸዳለ በሞቴ አሉት፤ አዳናቸው። ልጃቸው በሞቴ አለችው፤ አዳናት። አማቻቸው፣ የክርስትና አባቱ፣ ጠጁን የጣለችው ሴትዮ ሳትቀር በየተራ እየመጡ ሊሞቱበት ሆነ። ሁሉንም አዳነ። ያን ቀን ከዚያ ቤት አንድ ነፍስ አልጠፋም።

ስንወጣ፣ ጋሼ ትችላለህ ወይ ብዬው ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በረሃ ለበረሃ የነዳሁ ሰው ከሁርሊንግሃም ካሳራኒ ያቅተኛል ወይ ብሎ ተቆጣ። እኔም የክርስትናውን ድፎ ዳቦ ታቅፌ ዝም አልኩ። ዳቦ የታቀፈች ሴት ምን ትከራከራለች? ጀምበር ሳትጠልቅ አደባባዩ መሐል የተተከለው አበባ ላይ ወጥተን ቆምን። ሰው አልነካንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አበባው ግን አለቀ። ፖሊሶች ሲመጡ ጋሼ ቆቡን አንሥቶ፣ እቤቱ እንደመጣ እንግዳ፣ በክብር ተቀበላቸው።

ዳኛዋ በማግስቱ ጠጥተህ ነዳህ ወይ ብትለው፣ አዎ ክርስትና ነበር አላት፣ ሳትጠራ ቀርታ ቅር ያላት ይመስል። ቀጣችው፤ መንጃ ፈቃዱንም ለስድስት ወር ያዘችበት። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ የተናገረችውን ሩት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። «ሁለተኛ በመኪና ጉዳይ ካየሁህ፣ ማደሪያህ እስር ቤት ነው።» ይህን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ይዤዋለሁ። ጋሼ እስር ቤት ቢገባ እንኳን ያ እርጥብ ወለል፣ የምግቡ ነገር ብቻ ይገድለዋል፤ እሱ ሽሮ እንኳ ከሰው ቤት አይበላም።

ስድስቱን ወር ሹፌር ቀጥረን፣ የበርበሬው ትርፍ ሁሉ በሱ ደመወዝ እያለቀ፣ እንደምንም አለፍነው። መንጃ ፈቃዱ ሲመለስ ጋሼ ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን የመኪናዋ ኢንሹራንስ አለቀ። ሊያሳድስ ሲሄድ፣ በስካር የተፈረደበትንና ዕድሜው የገፋውን ሰው አንፈልግም ብለው መለሱት። ይህን ለማን ነገረ? ለማንም። ይልቅስ ያለፈባትን ወረቀት በጨርቅ እያሸ ያጸዳት ነበር። ንጹሕ ከሆነች ያላለፈባት ትመስላለች ብሎ ይሆናል።

ወደ ፖሊሱ ልመለስ። ከኋላ ያለው ምንድን ነው ብሎ የአንዱን ባልዲ ክዳን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ደጋግሞ አነጠሰ። ዓይኑን እየጠራረገ ሲመለስ ልቡ የራራ መሰለ፤ እንባ ሰውን ያለሰልሳል። መኪናዋን እዚህ ነዳጅ ማደያው ጋ አቁሙ፣ ወረቀት ሳይኖራት እንዳትንቀሳቀስ፣ ነገ የሚቆመው ባልደረባዬ እንደ እኔ አይደለም አለን።

ማደያው ጥግ አቁመን ተቀመጥን። «ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ብነግርሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው።»

«እስር ቤት ስትገባ ልጨነቅልህ ኖሯል?»

ወደ ፊት ዞረ። የጭነት መኪናውን ጭራ ይፈልግ ነበር፤ ሄዷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በርበሬዬን በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ማመላለስ ጀመርኩ። ያን ጊዜ በየማታቱው ወንበር ሁሉ ቀበቶ ይታሰር የሚል ሕግ መጥቶ ነበር። ረዳቱ ባልዲዬን አየና፣ ወንበር ከያዘ ተሳፋሪ ነው፣ ተሳፋሪ ከሆነ ይከፍላል፣ ቀበቶም ያስራል አለኝ። ከፈልኩለት፤ ባልዲውንም እንደ ልጅ አሰርኩት። እኔን የሚያስረኝ ቀበቶ ግን የተበጠሰ ነበር። በርበሬው ዋስትና ኖሮት እኔ ሳይኖረኝ ፓንጋኒ ደረስን። እዚያ ጉድጓድ ገባንና ክዳኑ ተስፈነጠረ። የሆነውን አልነግራችሁም። ብቻ ተሳፋሪው በሙሉ፣ ሃይማኖት ሳይለይ፣ አብሮ አለቀሰ። ሹፌሩ እያነጠሰ መንገዱን ሲስት፣ ለካ ሳይጠጡም እንዲህ ይነዳል ብዬ ለጋሼ ትንሽ አዘንኩለት። ከሁለት እንዲህ ዓይነት ጉዞ በኋላ የካሳራኒ ረዳቶች ሁሉ አወቁኝ። ባልዲ ይዤ ስታይ ማታቱው ሞልቷል ይሉኛል፣ ውስጡ ሹፌሩ ብቻ ተቀምጦ።

ስለዚህ መኪናዋ መንቀሳቀስ ነበረባት። ጋሼ ደግሞ በየማለዳው ወደ ማደያው እየሄደ ሞተር ያሞቃል። ማሞቅ ብቻ ነው ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የሞቀ ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚመለስ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ሳላየው ይወጣል፣ ነገ የሚቆመው ፖሊስ ይይዘዋል፣ ዳኛዋ መነጽሯን ታወልቃለች። እንቅልፍ አጣሁ።

ሩትን አስከትለን ኢንሹራንስ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርን። አንዱ ጋ ዕድሜውን ሲያዩ ሳቁ። ሌላው ጋ ፍርዱን ሲሰሙ ሳቃቸውን አቆሙ። ዕድሜው ብቻውን ቢሆን እናይ ነበር፣ ፍርዱ ብቻውን ቢሆን እናይ ነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን አይሆንም አሉ። ያቺ ለክብር የተጨመረች ሦስት ዓመት እዚህ ላይ ተገኘች፤ አንደኛው ቤት ስድሳ ስምንት ድረስ እንቀበላለን አለ። በአገራችን ሰው ሲሸብት ዳኛ ይሆናል፤ ኢንሹራንስ ቤት ሲሸብት ተከሳሽ ነው።

እኔም አሰብኩ። ነገሩን አገላብጬ ሳየው የተማሩት ያላዩት ነገር ታየኝ። እነዚህ ሰዎች ጋሼን አልፈልግም አሉ። አልፈልግም ያለ ማለት የተቀየመ ነው። የተቀየመ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚመለስ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላካል።

ሩት ሰምታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ምላሷ ሦስት ቦታ ይረግጣል። «ማሚ፣ ፕሊስ። ኢንሹራንስ ሽማግሌ አይላክበትም። ሪስክ ነው የሚያዩት፤ ኮምፒውተር ነው የሚወስነው።»

«ኮምፒውተሩን የሚነካው ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው፣ ባት...»

«እንግዲያው ሰውየውን እናናግራለን።»

ሦስት ሽማግሌ ሰበሰብኩ። መሪያቸው ጋሽ በላቸው ናቸው፤ ናይሮቢ ውስጥ ተጣልቶ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት ካለ በእውነት አልተጣላም። ሁለተኛው ወንድም ዮናስ ነው፤ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ፣ ጎረቤታችን፣ አረፋ ያለው ነገር ለስላሳም ቢሆን የማይቀምስ። ስካርን ለማማለድ የማይጠጣ ሰው መላክ ጥሩ ነው ብዬ ነው። ሦስተኛው አቶ ሽፈራው ናቸው። የሳቸው ሥራ ጋሽ በላቸው ትንፋሽ ሲወስዱ «እውነት ነው» ማለት ነው። ያለዚህ ሽምግልና አይቆምም።

የመረጥናት ከሁሉም በትሕትና የመለሰችንን ነበር፤ ማዳም ዋንጂሩ ትባላለች፣ ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ባለ ትንሽ ኢንሹራንስ ቤት ኃላፊ ናት። ጠና ያለች፣ ሳቂታ፣ ደልደል ያለች ሴት። ጋሼን እንደ ደንቡ ኮሪደሩ ላይ አስቀረነው፤ አጥፊ የሚገባው ሲጠራ ነው። ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

ማዳም ዋንጂሩ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም። ሶዳ አስመጣችላቸው። አልነኩም። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ አንቀምስም አሉ፤ ሩት በእንግሊዝኛ አለችላቸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች። የማዳም ዋንጂሩ ፊት በራ። በኪኩዩ አንድ ነገር ጣል አደረገችና ሠራተኞቹ ከየጠረጴዛቸው ተነሥተው ከበቡን። ለካስ በነሱም አገር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች መጥተው አንቀመጥም፣ አንጠጣም ካሉ የመጡበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። «ከልጆቼ የትኛዋን ነው የፈለጋችሁት?» ብላ ጠየቀች። ፎቶ ኮፒ የምታነሣዋ ወጣት ቶሎ ብላ ፀጉሯን አስተካከለች።

ለመኪና መሆኑን ሩት ስትነግራቸው ወጣቷ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ትንሽ የከፋት መሰለኝ።

ጋሽ በላቸው ጀመሩ። በእኛ ዘንድ ምርቃት ሳይቀድም ነገር አይጀመርም፤ ሕንፃውን መረቁ፣ ሊፍቱን መረቁ፣ የማዳም ዋንጂሩን ልጆች ሳያውቋቸው መረቁ። ከዚያ ወደ ጥፋቱ ገቡ። እዚህ ጋ ነው እኔ ያላሰብኩት። በእርቅ ጊዜ ጥፋት አይካድም፤ እንዲያውም ከፍ ይደረጋል፣ ይቅርታው ከፍ እንዲል። ትንሽ ጥፋት ይዞ ትልቅ ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌ ንፉግ ይባላል። ጋሽ በላቸው ደግሞ ንፉግ አይደሉም።

«ይህ ሰው አጥፍቷል» አሉ። «ሰክሮ አደባባይ ላይ ወጥቷል። ይህን እናንተ ታውቃላችሁ። የማታውቁትን ደግሞ እኛ አንደብቅም። የእኔን በር በዚያች መኪና ገጭቶታል፤ ለሰው አልተናገርኩም፣ ችዬዋለሁ።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ሽፈራው።

«የወንድም ዮናስን የውኃ ታንከር ገልብጧል።»

«ሳይጠጣ ነው ደግሞ» አለ ወንድም ዮናስ፣ ጋሼን የጠቀመው መስሎት። «በጠራራ ፀሐይ። ዓይኑ ነው።»

ሩት አንዲት ቃል ሳታጎድል ትተረጉማለች። ክንዷን ብቆነጥጣት፣ ማሚ እኔ ኢንተርፕሪተር ነኝ አለችኝ። ማዳም ዋንጂሩ ብዕሯን አነሣች። የማናውቀውን በር፣ የማናውቀውን ታንከር፣ የማናውቀውን ዓይን እየጻፈች ነው። እኛ ቢሮው ስንገባ ጋሼ አንድ ጥፋት የነበረው ሰው ነበር፤ አማላጆቹ ሲደርሱለት ወንበዴ ሆነ።

«በዚህ ሁሉ ላይ» አሉ ጋሽ በላቸው፣ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ሽበታችን ብላችሁ ማሩት።» ከዚያ ወደ በሩ በዱላቸው ጠቆሙ፤ ጋሼ ገባ።

ልማዱን ለማታውቁ፣ አጥፊ በተበዳይ እግር ላይ ይወድቃል። ይወድቃል ስንል ግን ማንም መሬት አይደርስም። ገና ጎንበስ ሲል ተበዳዩ «ተው፣ ተው» ብሎ ትከሻውን መንገድ ላይ ይይዘዋል። መውደቅ የሚባለው ያ ነው። ጋሼ ይህን ተማምኖ፣ ቆቡን አውልቆ ማዳም ዋንጂሩ እግር ሥር ማጎንበስ ጀመረ። ማዳም ዋንጂሩ ደግሞ ይህን ከየት ታውቅ? አልያዘችውም። ጋሼ ወረደ። ትንሽ ቆም ብሎ እጇን ጠበቀ። ምንም የለም። ወረደ። በግማሽ ዓይኑ ጋሽ በላቸውን አያቸው፤ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ቀጥል የሚል ምልክት ሰጡት። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። በመጨረሻ ግንባሩ ምንጣፉ ላይ አረፈ። ማዳም ዋንጂሩ እግሯን ሰብስባ ወንበሯ ላይ ወጣች፤ ዘበኛውም በሩ ላይ ብቅ አለ።

እዚያው ቀረ። የስድሳ ስድስት ዓመት ጉልበት ለመውረድ እንጂ ለመነሣት አልተሠራም። «ወገቤ» አለ ከምንጣፉ ላይ። ሽማግሌዎቹ ሊያነሡት ቢሞክሩ ሦስቱም ተደጋግፈው ሊወድቁ ደረሱ። ማዳም ዋንጂሩ ከወንበሯ ወረደችና እኒያን የመሰሉ ክንዶቿን ብብቱ ሥር አስገብታ ብድግ አድርጋ አቆመችው።

ጋሽ በላቸው ዱላቸውን አነሡ። «አነሣችው» አሉ። «ምሕረቱ ወረደ፣ ታረቁ።»

«እውነት ነው።»

ሦስቱም ተቀመጡና ሶዳውን ጠየቁ። ወንድም ዮናስ ውኃ ይሁንልኝ አለ።

ሩት ይህን ስትተረጉም ማዳም ዋንጂሩ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሌሎቹን ሁሉ ትታ፣ እኔን አናገረችኝ። ሩት መተርጎም እንኳ አላስፈለጋትም፣ በገበያ ስዋሂሊ ቀስ ብላ ነው ያወራችኝ። «ማማ፣ ሰውየውን አንሥቼዋለሁ። ኢንሹራንስ ግን አልሰጠውም፤ አሁን የሰማሁት ሁሉ ባይኖርም አልችልም ነበር። መኪናዋን ግን ሌላ ሰው ከነዳት እችላለሁ። የሚነዳት ሰው ስም ይጻፋል፣ እሱ ብቻ ይነዳል። ሽማግሌው አንድ ቀን መሪ ከነካ ኢንሹራንሱ የለም። በሕይወቷ መኪና ገጭታ የማታውቅ ሰው ከናንተ ውስጥ ማን ናት?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እውነት ነው፣ ገጭቼ አላውቅም። ነድቼም አላውቅም።

እምቢ ልል አፌን ስከፍት ጋሼን አየሁት። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ግንባሩ ላይ የምንጣፉ ምልክት ታትሞበት፣ አሁንም ወደ ፊት ይመለከታል። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ነው። በማግስቱ ሞተር ሊያሞቅ እንደሚሄድ አወቅሁ። «እኔ እማራለሁ» አልኩ። ድምፄን የማላውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ለጥቂት ቀን ጋሼ ቁልፉን ከኪሱ አልለየም። አንድ ጠዋት ቁልፉን አምጥቶ ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠውና፣ «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፤ ቶሎ ከለቀቅሽው ታስነጥሳለች» ብሎ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ከሱ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

የመንጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ምዋሊሙ ኦቲኖ ይባላል። ናይሮቢ ውስጥ መንዳት የሚጀመረው ጠረጴዛ ላይ ነው። መንገድ፣ አደባባይ፣ መብራት የተሳለበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ መጫወቻ መኪና ይሰጡሽና በጣትሽ እየገፋሽ ትነጃለሽ። እኔ ፍርሃቴን ሳስብ፣ ሁርሊንግሃም የሚኬደው እንዲህ በጣት ቢሆን ምን ነበረ አልኩ። የመንገድ ምልክቶቹ ደግሞ አስለቀሱኝ፤ ፊደል የለባቸውም፣ ሥዕል ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ የማነበው መጽሐፍ አገኘሁ።

እውነተኛው መኪና ላይ ስወጣ ግን ሌላ ነው። ኤል የምትል ቀይ የለማጅ ፊደል ተለጥፋብኝ ማታቱዎቹ ጥሩምባቸውን ሲለቁብኝ፣ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ መልሼ ጥሩምባ እነፋለሁ። እነሱ ስድብ መስሏቸው ይብሳሉ። ምዋሊሙ ኦቲኖ፣ ማማ፣ አንቺ የምትነጂው ሰው ሁሉ ሊገድልሽ እንደመጣ አድርገሽ ነው አለኝ። አይደለም እንዴ ብለው፣ ነው፣ ጥሩ እየነዳሽ ነው አለ።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ፖሊስ ጠረጴዛው ላይ መኪናዬን ወደ አደባባዩ እንድገፋት አዘዘኝ። ገፋሁ፣ አደባባዩ አፍ ላይ አቆምኩ። ለምን ቆምሽ አለኝ። ማታቱ ይመጣል አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ማታቱ የለም አለኝ። «ይመጣል» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ለሌሎቹ ተፈታኞች፣ ይህችን ሴት ተመልከቱ አላቸው። በመንገድም ነድቼ አለፍኩ።

ማዳም ዋንጂሩ ቃሏን ጠበቀች። ለአዲስ ነጂ ዋጋው ከበድ እንደሚል አልደበቀችኝም፤ ጋሽ በላቸውንና ጓደኞቻቸውን ግን ሁለተኛ እንዳላመጣ አደራ አለችኝ። አዲሷን ወረቀት መስታወቱ ላይ የለጠፈው ጋሼ ነው፣ በጨርቅ አሽቶ።

የመጀመሪያው ቀን ባልዲዎቹን ጭነን ከካሳራኒ ወጣን። መሪውን እንደሚሸሽ በግ ቀንድ ጨብጬዋለሁ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ወለሉን በስቶ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ያ ፖሊስ እዚያው ቦታው ቆሟል። እጁን አነሣ። ጎንበስ አለ፤ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከንፈሩ ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆም ሄደ። ከዚያ ቀና ብሎ የኋላውን ባልዲ አየና፣ ክዳኑን ሳይነካ፣ ራቅ ብሎ እለፉ አለን።

ሁርሊንግሃም ስንደርስ እትዬ ጸዳለ እልል አሉ። ባልዲዎቹን አስገብተን ልንወጣ ስንል ግን ከጓዳ ብርሌ ይዘው ብቅ አሉ። ጋሼ ቶሎ ብሎ ቆቡን ደፋና፣ እኔ ትቻለሁ፣ የምታሽከረክረውም እሷ ናት አለ። እትዬ ጸዳለ ደግሞ ብርሌውን ወደ እኔ አዞሩት።

«እንኳን ደስ ያለሽ በምን ልበልሽ ታዲያ? አንዲት ጉንጭ ብቻ። በሞቴ።»

ጋሼ አየኝ። ያ ሁሉ አበባ፣ ያቺ ዳኛ፣ ያ ምንጣፍ ዓይኑ ውስጥ ነበሩ። ትልቋ ደንበኛዬ ናቸው፣ በዕድሜም እናቴ ይሆናሉ፤ በሕይወቴ ትልቅ ሰው ፊት እምቢ ብዬ አላውቅም። ስለዚህ በተቻለኝ ትሕትና፣ ጎንበስ ብዬ መለስኩላቸው።

«እንግዲያውስ ይሙቱ፣ እትዬ ጸዳለ። እኔ ነጂ ነኝ።»

አልሞቱም። እስካሁንም ደህና ናቸው፣ በርበሬም ከእኔ ነው የሚገዙት።

ተመለስን። አደባባዩን ስንዞር አበባው እንደገና በቅሏል፤ ቆሜ ማታቱ አሳለፍኩ። በቲካ መንገድ ጥግ ጥጉን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እየቀደመኝ፣ ካሳራኒ ደረስኩ። መኪናዋን ግቢ አስገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ጋሼ እግሩን ከወለሉ ላይ አነሣና የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

ቁልፉን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። እቤታችን ገባን። ደህና ነን።